ሁለቱን ድንጋዮች በሠንጠረዥ አናፋታቸው

ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የምናውቀው አንድ ሠንጠረዥ አለ። በጥቁር ሰሌዳው መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይሰመርና በግራ «ቅልጥ አለት»፣ በቀኝ «ዝቅጥ አለት» ተብሎ ይጻፋል። በግራው ሥር፦ ቀልጦ ከቀዘቀዘ ነገር የተሠራ፣ ጠንካራ፣ ንብርብር የሌለው፣ ቅሪተ አካል የማይገኝበት። በቀኙ ሥር፦ ደለል ተጭኖ የሠራው፣ ለስላሳ፣ ንብርብር ያለው፣ ቅሪተ አካል የሚገኝበት። መምህሩ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ፈተና ሲመጣ «አወዳድር» ይባላል፣ ይወዳደራል፣ ማርክ ይሰጣል። ያው ተማሪ ወደ ቤቱ ሲሄድ የረገጠው ድንጋይ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም።

ውድ አንባብያን፣ እኛ እጩ መምህራን በዚህ ግድግዳ ላይ ልንል የፈለግነው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሁለት አለቶች በመስመር ተለያይተው የሚሸመደዱ ሁለት ባዕዳን አይደሉም። አንዱ የሌላው ወላጅ ነው፤ አንዱ ለሌላው ምስክር ነው። ስለዚህ ማነጻጸሩን የምናስተምረው ከሠንጠረዡ ተነሥተን ሳይሆን ከድንጋዩ ተነሥተን መሆን አለበት። ይህን ለማስረዳት ደግሞ ሩቅ አንሄድም፤ ከኮንሶ ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የወይጦ ሸለቆ ይበቃናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ለሠንጠረዡ ፍርድ እንስጠው። ሠንጠረዡ ውሸት አይደለም። ቅልጥ አለት በእርግጥም ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የመጣ ነገር ሲቀዘቅዝ የሚሠራ ነው። ወደ ላይ ፈንድቶ ወይም ፈስሶ ቶሎ ከቀዘቀዘ ቅንጣቶቹ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ይሆናሉ፤ ግንበኞች «ጥቁር ድንጋይ» የሚሉት ባዛልት እንዲህ ያለ ነው። እዚያው ከመሬት በታች ሳለ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ግን ቅንጣቶቹ ለማደግ ጊዜ ያገኛሉ፤ ግራናይት ላይ ነጩን፣ ጥቁሩንና ሮዛማውን ነጥብ ነጥሎ ማየት የሚቻለው ለዚህ ነው። የቀለጠው ነገር ጋዝ ይዞ ከወጣ ደግሞ አረፋው እንደ ተቋጠረ ይደርቃል፤ ለመንገድና ለብሎኬት የሚቆፈረው ቀይ አሽ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝቅጥ አለት በበኩሉ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው፣ የሌላ አለት ስባሪ በውሃ ወይም በነፋስ ተጉዞ፣ ተከማችቶ፣ ከላይ በመጣው ክብደት ተጭኖና በውስጡ ባለፈ ማዕድን ተጣብቆ ሲጠነክር ነው፤ የአሸዋ ድንጋይ ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው፣ የእንስሳት ቅርፊትና አጽም በውሃ ሥር ሲጠራቀም ነው፤ አብዛኛው የኖራ ድንጋይ እንዲህ የተገኘ ነው። ሦስተኛው፣ ጨዋማ ውሃ ሲተን የሚተወው ነው፤ ጄሶውም፣ በአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመል ይጫን የነበረው አሞሌ ጨውም ከዚህ ይቆጠራሉ። ልብ ካልን፣ መምህር በየቀኑ በእጁ የሚይዘው ጠመኔ ራሱ ከጄሶ ወይም ከኖራ ድንጋይ ዘር የሚሠራ ነው። ስለ ዝቅጥ አለት በዝቅጥ አለት እየጻፍን ለተማሪው ሳናሳየው መቅረታችን አያስገርምም?

ሠንጠረዡ የሚያሳስተው «ጠንካራ» እና «ለስላሳ» ሲል ነው። በማዕድን በደንብ የተጣበቀ የአሸዋ ድንጋይ፣ ፀሐይና ዝናብ ከበላው ባዛልት ይልቅ መዶሻ ይችላል። «ንብርብር የሌለው» ሲልም ያሳስታል። ቅልጥ ድንጋይ በየጊዜው አንዱ ፍሰት በሌላው ላይ እየፈሰሰ ገደሉን በሙሉ እንደ ደረጃ ሊደረድረው ይችላል። የእሳተ ገሞራ አመድ ደግሞ ከሰማይ ወርዶ እንደ ደለል ይነጠፋል፤ ታዲያ ይህን በግራ እንጻፈው ወይስ በቀኝ? ልደቱ ከእሳት ነው፣ አቀማመጡ እንደ ደለል ነው። መስመሩ ላይ የሚቆም ድንጋይ አለ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ መምህር አንድ ጎበዝ ተማሪ የአመድ ድንጋይ ይዞለት የመጣ ቀን ምን ሊለው ነው?

አሁን ወደ ወይጦ እንሂድ። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶቻችን በዚያው አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ቆይተን ነበር። ተማሪዎቹን ስለ ሁለቱ አለቶች ስንጠይቃቸው ትርጉሙን አንድ ቃል ሳያጓድሉ ወረዱት። ከዚያ አንድ ጥቁር ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን «ይህስ?» ብንል ክፍሉ ጭጭ አለ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ይሄማ እናቴ የምትፈጭበት ዓይነት ነው» አለች። ትንሽ ቆየት ብላ ደግሞ «ደብተር ላይ ያለው ግን ሌላ ነው አይደል?» ስትል ጨመረች።

ይህች ጥያቄ ከብዙ ሪፖርት ትበልጣለች እንላለን። ለልጅቱ ሁለት ዓይነት ድንጋይ አለ፤ ግን ቅልጥና ዝቅጥ አይደለም። አንዱ የቤት ድንጋይ ነው፣ ሌላው የደብተር ድንጋይ። የቤቱን ታውቀዋለች፤ ጥቅሙን፣ ክብደቱን፣ የሚፈጭበትን ፊት ሁሉ ታውቃለች። የደብተሩን ሸምድዳዋለች። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ግን የነገራት ሰው የለም። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም፤ ትምህርቱ ያን ድልድይ ሳይሠራ ስላለፈ ነው።

ድልድዩን ለመሥራት ደግሞ ከወይጦ ወንዝ የበለጠ ወርክሾፕ ከየት ይመጣል? ወንዙ ከሰሜን ደጋዎች ወርዶ ወደ ደቡብ ወደ ጨው ባሕር ይጓዛል። በስተ ምሥራቅና በስተ ሰሜን ያሉት ከፍታዎች በአብዛኛው የባዛልት ፍሰት የለበሱ ናቸው፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲህ ያለው የእሳተ ገሞራ ሥራ የጀመረው ከዛሬ 45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በስተ ምዕራብ ያለው የሐመር ተራራ ሰንሰለት ግን ከዚህ ሁሉ እጅግ የቆየ፣ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ አሮጌ አለት ነው። ክረምትና በጋ፣ ፀሐይና ዝናብ፣ የዛፍ ሥርና የከብት ኮቴ እነዚህን አለቶች ይሰነጣጥቋቸዋል። ዝናቡ ያጥባቸዋል፤ ወንዙ ይሸከማቸዋል። ትልልቁ ድንጋይ ቶሎ ይደክመውና ከላይ ይቀራል፤ ጠጠሩ እየተንከባለለ ክብ ይሆናል፤ አሸዋው ይቀጥላል፤ ጭቃው ከሁሉ ሩቅ ይሄዳል።

ስለዚህ በወይጦ ዳር አንድ እፍኝ አሸዋ የዘገነ ልጅ በመዳፉ የያዘው ምንድን ነው? የትናንቱን ቅልጥና ልውጥ አለት፣ የነገውን ዝቅጥ አለት ነው። ሠንጠረዡ ላይ መካከለኛው መስመር የተሰመረበት ቦታ ላይ በእውነቱ ወንዝ ነው የሚፈሰው። ይህን ያየ ተማሪ «አንዱ የሌላው ወላጅ ነው» ብለን የጻፍነውን ከእኛ ሳይሰማ ራሱ ይለዋል። የአካባቢው ስሞች እንኳን ያግዙናል። «ቀይ አፈር» ብለን የምንጠራው ከተማ ስሙ ራሱ ትምህርት ነው፤ የአፈር ቀይነት በአለቱ ውስጥ የነበረው ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ተገናኝቶ የመዛጉ ምልክት ነው። «ጨው ባሕር»ም እንዲሁ፤ ውሃው የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የለውም፤ የገባው ሲተን ጨውና ጭቃ ይተዋል።

ጨው ባሕርን ካነሣን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። እ.ኤ.አ. በ1888 ካውንት ቴለኪ የተባለ አውሮፓዊ መንገደኛ በዚያ ደርሶ ሐይቁን በአንዲት ልዕልት ስም «ስቴፋኒ» ሲለው ውሃ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ሲሞላም ሲደርቅም ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች በዚያ ሜዳ ላይ መሰርሰሪያ ተክለው እስከ 280 ሜትር ገደማ ወደ ታች በመቆፈር ደለሉን እንደ ረጅም ዱላ አድርገው አወጡት። በዚያ የጭቃ ዱላ ላይ የ620,000 ዓመት ታሪክ ተነበበ፤ መቼ ዝናብ በዝቶ ሐይቁ እንደ ሞላ፣ መቼ ድርቅ ጠንቶ እንደ ጠፋ። ወይጦ ያን ሁሉ ዘመን ሲጽፍ ኖሯል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ከጎኑ ተቀምጠን «ዝቅጥ አለት ንብርብር አለው» እያልን እናስጠናለን! ንብርብሩ ምን እንደ ሆነ ካልተነገረው ንብርብር ለተማሪው ምኑ ነው?

ይህ ሁሉ ወላጅነቱን ያሳያል። «ምስክር» ያልነውን ደግሞ ኦሞ ሸለቆ ያስረዳልን። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚያ ሹንጉራ በሚባለው ሥፍራ የደለሉ ክምችት ከ700 ሜትር በላይ ውፍረት አለው። በደለሉ ውስጥ የጥንታዊ ሰው መሰል ፍጡራን፣ የዝሆን፣ የጉማሬና የሌሎችም አያሌ እንስሳት አጽም ተገኝቷል። በደለሉና በደለሉ መካከል ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ እየተነጠፈ አልፏል፤ ተመራማሪዎቹም ዋና ዋናዎቹን አመዶች በፊደል ቅደም ተከተል ሰይመዋቸዋል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ አጽሙ የተገኘው በደለል ውስጥ ነው፤ ዕድሜው በምን ታወቀ? ደለሉ ራሱ አይናገርም። ምክንያቱም እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት የራሱ ሳይሆን የወላጁን አለት ዕድሜ ነው ይዞ የመጣው። የልጅን ዕድሜ ጠይቀን የአያቱን እንደ መስማት ነው። ቅልጥ አለት ግን በውስጡ ሰዓት አለው። ፖታሲየም ከሚባለው ንጥረ ነገር ጥቂቱ በጣም ቀስ ብሎ ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። አለቱ ቀልጦ ሳለ ያ ጋዝ ያመልጣል፤ ሰዓቱ ዜሮ ላይ ይቆማል። አለቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ጋዙ መውጫ አጥቶ ይታሰራል፤ እየቆየ ሲሄድ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን የለካ ሰው አለቱ የቀዘቀዘበትን ዘመን ያውቃል። ከአጽሙ በታች ያለው አመድ «ከእኔ ወዲህ ነው የተቀበረው» ይላል፤ ከላይ ያለው አመድ ደግሞ «እኔ ሳልወድቅ በፊት ነው» ይላል።

በኪቢሽ የሆነው በትክክል ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የሪቻርድ ሊኪ ቡድን በኦሞ ወንዝ አጠገብ ከኪቢሽ ደለል «ኦሞ አንድ» እና «ኦሞ ሁለት» የተባሉትን የሰው ቅሪተ አካላት አገኘ። በመጀመሪያ ዕድሜያቸው 130,000 ዓመት ገደማ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከበታቹ ያለው አመድ ተመርምሮ ወደ 195,000 ዓመት ከፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከላይ የተነጠፈው አመድ ከስምጥ ሸለቆው ከሻላ እሳተ ገሞራ ትልቅ ፍንዳታ የመጣ መሆኑ ታውቆ፣ «ኦሞ አንድ» ቢያንስ 233,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ተገለጸ። እንግዲህ ዛሬ ሰው ተቀምጦ በረጋ ውሃ የሚያየው ሻላ፣ ያን ጊዜ አመዱን እስከ ኦሞ ልኮ ለአንድ ሰው አጽም ምስክር ሆነለት ማለት ነው።

ደለሉ ባይኖር አጽሙ አይቆይልንም ነበር፤ ቀልጦ የሚፈስ ድንጋይ አጽም አያስቀምጥም። አመዱ ባይኖር ዘመኑን አናውቅም ነበር። ዝቅጥ አለት ደብተር ነው፤ ቅልጥ አለት ደግሞ በደብተሩ ላይ ቀን የሚጽፍ ነው። ቀን የሌለው ደብተርና ደብተር የሌለው ቀን፣ ሁለቱም ለብቻቸው ምን ይፈይዳሉ? ሁለቱን በመስመር ለይቶ ማስጠናት ይህን ታላቅ ነገር መደበቅ ነው እንላለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ሁሉ ለተመራማሪ እንጂ ለአንደኛ ደረጃ ልጅ አይደለም» ይሉናል። ለእነርሱ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ እናስታውሳቸው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመን ፍራይበርግ የማዕድን ትምህርት ቤት ቬርነር የተባለ ስመ ጥር መምህር ነበረ። ባዛልት ከጥንት ባሕር ውስጥ የዘቀጠ ነው ብሎ ያስተምር ነበር፤ የዛሬ ስድስተኛ ክፍል ሠንጠረዥ በግራ የሚጽፈውን እርሱ በቀኝ ይጽፈው ነበር ማለት ነው። በስኮትላንድ ጄምስ ሃተን ከእሳት ነው አለ፤ ክርክሩ አውሮፓን ለሁለት ከፈለ። በመጨረሻ ክርክሩን ያስረታው የትርጉም ብዛት አይደለም። የቬርነር የራሱ ደቀ መዛሙርት፣ ፎን ቡህን የመሳሰሉት፣ በፈረንሳይ ወዳለው የኦቨርኝ እሳተ ገሞራ አገር ሄደው ባዛልቱ ከተራራው አፍ ጀምሮ እንደ ፈሰሰ በዓይናቸው አዩ፤ የመምህራቸውንም ትምህርት ተዉ። ምሁራን በክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሳቱትን በእግር የሄደ ተማሪ አቀናው። እና የእኛ ተማሪ ከክፍሉ እስከ ወንዙ ድረስ እንዲሄድ መፍቀድ ይህን ያህል ይከብዳል?

ነገሩ የማወቅ ብቻም አይደለም፤ የመኖርም ነው። ከወይጦ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ ስንወጣ ኮንሶን እናገኛለን። የኮንሶ ሕዝብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ እየካበ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍታ የሚደርስ እርከን ሠርቶ ተዳፋቱን አርሶ ይኖራል። ይህ ሥራ ከ400 ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን የኮንሶ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እርከኑ የሚያደርገው ምንድን ነው? አፈሩን «ዝቅጥ ለመሆን አትቸኩል፣ መጀመሪያ ማሽላ አብቅልልን» ብሎ ይይዘዋል። አፈሩ ካመለጠ ወደ ወንዝ ይገባል፤ ወንዙም ወደ ጨው ባሕር ይዞት ይሄዳል፤ ተመልሶ የሚያመጣው የለም። አለት ተሰባብሮ አፈር ለመሆን የሚፈጅበትን ዘመን የተረዳ ልጅ፣ ነገ ገበሬ ቢሆን አርብቶ አደር፣ ሹፌር ቢሆን ሹም፣ አንድ ክረምት ያጠበውን አፈር «ምን አለበት» ብሎ አያልፈውም። ሠንጠረዡ ላይ «ደለል» ብለን የምንጽፋት ትንሽ ቃል የሰው እንጀራ ናት።

በዚያው በኮንሶ የጥንት ሰዎችም ድንጋይ ለይተው ያውቁ እንደ ነበር ማስረጃ አለ። ከ1.75 ሚሊዮን ዓመት በፊት የተሠሩ ትልልቅ የድንጋይ መሣሪያዎች ከኮንሶ ደለል ተገኝተዋል፤ በብዛት የተሠሩትም ከባዛልት ነው። ፊደል ሳይኖር፣ ሰሌዳ ሳይኖር፣ የትኛው ድንጋይ ሲመታ ስለት እንደሚያወጣ በእጃቸው አውቀው መርጠዋል። እኛ 12ኛ ክፍል ጨርሰን ከመጣነው መካከል ዛሬ ሁለት ድንጋይ ቢሰጠን ስንቶቻችን እንለያለን?

«እኔ ደቡብ ኦሞ ላልመደብ እችላለሁ» ለሚልም መልስ አለን። አገራችን በሙሉ የዚህ ትምህርት ሙዚየም ናት። የዓባይን በረሃ የወረደ ሰው ከላይ ባዛልቱን፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋዩን፣ የኖራ ድንጋዩንና ጄሶውን በተራ እያየ ይወርዳል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተፈልፍለዋል፤ በገርዓልታ ያሉት ደግሞ ከአሸዋ ድንጋይ። የአክሱም ሐውልቶች ከመሬት በታች ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ቅልጥ አለት የተጠረቡ ናቸው። ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ስለሆነ የሙገር ፋብሪካ የተተከለበት ቦታ ራሱ የድንጋዩን አድራሻ ይነግረናል። የትም ብንመደብ በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ቢያንስ አንዱ አለ።

«ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ መሣሪያም የለም» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አንንቀውም። ይሁን እንጂ አንድ ሻማ ስንት ብር ነው? ሻማውን አቅልጠን በቆርቆሮ ክዳን ላይ ብናፈሰው ቀዝቅዞ ሲጠነክር ቅልጥ አለትን ያሳያል። ያንኑ ፈርፍረን፣ በወረቀት ጠቅልለን በእግራችን ብንጫነው ዝቅጥ አለትን ያሳያል። ሻማው ያው ሻማ ነው፤ መንገዱ ነው የተለየው። ከወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ በጠርሙስ ቢያድር ጠጠሩ ከታች፣ አሸዋው ቀጥሎ፣ ጭቃው ከላይ ተደርድሮ ይገኛል፤ ንብርብር ማለት ይኸው ነው። የእንቁላል ወይም የቀንድ አውጣ ቅርፊት ተፈጭቶ ሎሚ ቢጨመቅበት አረፋ ያወጣል፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄትም እንዲሁ ያደርጋል፣ ባዛልቱ ግን ዝም ይላል። ከዚህ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ የቱ ነው?

እርግጥ መምህሩ አስቀድሞ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በወይጦ ምዕራብ ያለው አሮጌ ልውጥ አለት ነጭና ጥቁር መስመር ስላለው ተማሪው «ይህ ንብርብር ነው፣ ዝቅጥ ነው» ሊል ይችላል። ያ መስመር ግን ደለል የደረደረው ሳይሆን ግፊትና ሙቀት ማዕድናቱን የለያየው ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ መምህር ማፈር የለበትም፤ «እስቲ አብረን እንየው፣ ቅንጣቱ ተቆላልፏል ወይስ ተጣብቋል?» ማለት ይበቃል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንደ ተሸመነ ነገር ከተቆላለፉ በሙቀት ያለፈ ነው፤ እንደ ቆሎ ተለያይተው በማጣበቂያ ከተያዙ ደለል ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ ከሠንጠረዡ አራት ረድፍ ትበልጣለች።

ሌላው ጥንቃቄ ስለ ቅርስ ነው። በኦሞም ሆነ በኮንሶ ደለል ውስጥ አጽም ወይም የተጠረበ ድንጋይ ያየ ተማሪ እንዳያነሣው እናስተምረው። ከቦታው የተነሣ አጽም ከላይና ከታች የነበሩትን ምስክሮች ያጣል፤ ምስክር የሌለው አጽም ዘመኑ አይታወቅም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ ድንገት ያገኘውም እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ለመማሪያ የሚሆነን ድንጋይ ከመንገድ ዳርና ከወንዝ ዳር ሞልቷል።

በመሆኑም የሚከተለውን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በማሰልጠኛችን የትምህርት መርጃ መሣሪያ ክፍል አንድ የድንጋይ መደርደሪያ ይሠራ፤ እያንዳንዱ እጩ መምህር ከትውልድ ቦታው ሁለት ድንጋይ አምጥቶ የተገኘበትን ቦታ፣ የአካባቢው ሰው በቋንቋው የሚጠራበትን ስምና የሚጠቀምበትን ሥራ ጽፎ ያኑር። የፀማይ፣ የሐመር፣ የአሪ፣ የኮንሶ እናት የወፍጮ ድንጋይዋን የምትጠራበት ስም ከ«ባዛልት» ጎን ይጻፍ፤ የቤቱና የደብተሩ ድንጋይ የሚታረቁት እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ በማስተማር ልምምድ ጊዜ ከአካባቢ የተገኘ ነገር ይዞ ለገባ ሠልጣኝ መምህራኖቻችን ማርክ ሲሰጡ ይህን ይቁጠሩለት። ሦስተኛ፣ በፈተና «ቅልጥና ዝቅጥ አለትን አወዳድር» ከሚለው ጎን «ይህን ድንጋይ ተመልከት፣ ከየት መጣ? እንዴት አወቅህ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይግባ። ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነውና፣ ጥያቄው ካልተለወጠ ደብተሩ አይለወጥም።

ሠንጠረዡ ይቅር አላልንም። ልጆቹ ድንጋዩን አይተው፣ ዳስሰው፣ ተከራክረው ሲጨርሱ በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ራሳቸው ይሥሩት። ያን ጊዜ መካከለኛውን መስመር የሚያሰምረው ልጅ መስመሩ ላይ ቀስት መጨመር ይፈልግ ይሆናል፤ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ቀስት። ይጨምር፤ አንከልክለው።

እኛ የመሰለንን ጽፈናል። የማይስማማ ካለ፣ መምህርም ይሁን ሠልጣኝ፣ ግድግዳው የጋራችን ነውና ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ ይለጥፍልን። የሚስማማ ደግሞ ለሚቀጥለው ሰኞ ሁለት ድንጋይ ይዞ ይምጣ።